ሐረር ተዳፋት ላይ ቦታ ካለዎት፦ የዲዛይን መመሪያውን ክርክር ከውጭ አገር ሆኖ መከታተል

ከጁገል ግንብ ውጭ፣ በሐኪም ተራራ ግርጌም ይሁን ወደ ኤረር ሸለቆ በሚወርደው ወገን ቦታ ካለዎት፣ የሚኖሩት ውጭ አገር ቢሆንም፣ ሰፈርተኛው ስለ ተዳፋት ቤቶች የዲዛይን መመሪያ ሲከራከር እርስዎም አሉበት። መመሪያ ከጸደቀ በኋላ ስብሰባው ላይ ባልተገኘው ሰው ቦታም ይሠራል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለው በፎቅ ብዛትና በቆርቆሮ ቀለም ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ቤት የሚሰነጥቁት ግን ቁፋሮ፣ ሙሌትና ውሃ ናቸው። ወኪልዎ እነዚህን ሦስቱን ይዞ ይግባ።

ስለ ውክልናው

ለወንድም ወይም ለአክስት ልጅ የተሰጠ «ጠቅላላ ውክልና» ሁሉን የሚያሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅና መከራከር በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራዎቹ አንድ በአንድ ይጻፉ፦ በዲዛይን መመሪያ ውይይት እንዲገኝና አስተያየት በጽሑፍ እንዲያስገባ፣ የግንባታ ፈቃድና የፕላን ማሻሻያ እንዲጠይቅ፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር እንዲዋዋል፣ ቤቱን እንዲረከብ፣ አስፈላጊ ሲሆን በፍርድ ቤት እንዲከራከር። ለዚህ ጉዳይ የመሸጥ ሥልጣን አያስፈልግም፤ አይጨምሩት። ሰነዱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ ከመጣ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ፣ ከዚያም ሰነድ መዝጋቢው ዘንድ መመዝገብ አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳልና የስብሰባ ቀን እስኪቆረጥ አይጠብቁ። የውጭ ዜግነት ወስደው ከሆነ በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ጊዜው እንዳላለፈ አስቀድመው ይዩ።

የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። የመመሪያውን ረቂቅ በወጣበት ቋንቋ አንብቦ የሚያስረዳዎት ሰው ይምረጡ።

መጀመሪያ ልኩን ያግኙ

«ትንሽ ያዘቀዝቃል» የሚል ወሬ ለውይይት አይበቃም። ወኪልዎ 20 ሜትር ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ አረፋውን አስወጥቶ፣ ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት ችካሎች ላይ ያንሳው። ውሃው በሁለቱም ጫፍ በአንድ ልክ ይቆማል። ከውሃው እስከ መሬት ያለው ከፍታ በሁለቱ ችካሎች ሲነጻጸር ልዩነቱ የመሬቱ ውርደት ነው። በ15 ሜትር ርቀት 3 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቁልቁል 12 ሜትር የሚረዝም ቤት ሲያሳርፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.4 ሜትር ልዩነት አለ። ብዙ ግንበኛ ከላይ 1.2 ሜትር ቆርጦ፣ የቆረጠውን አፈር ከታች ሞልቶ ያስተካክለዋል። ግማሹ ቤት በነባር መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ይቀመጣል። ሙሌቱ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ሲሰምጥ ግድግዳው ልክ በመገናኛው መስመር ይሰነጠቃል። የሚሻለው ቤቱን በሁለት እርከን መክፈል ነው፦ 1.2 ሜትር ልዩነት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባላቸው 8 ደረጃዎች ያልቃል፤ መሠረቱም በእርከን እየተከፈለ በነባር መሬት ላይ ይወርዳል። የሐረሪ ቤት ነደባዎች (ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች) ለመቀመጫ ሥርዓት የተሠሩ ቢሆኑም፣ በአንድ ቤት ውስጥ ወለል ከፍና ዝቅ ማለቱ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። ሙሌት የግድ ከሆነ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብር እየረጠበ ይጠቅጠቅ።

ረቂቁ ውስጥ የሚፈለጉት

«ከአንድ ፎቅ አይበልጥም» የሚል አንቀጽ ብቻውን ትርጉም የለውም። ከላይኛው መንገድ ሲታይ ምድር ቤት ብቻ የሆነው፣ ከታች ሲታይ ሦስት ደርብ ሊሆን ይችላል። ከፍታው ከየት እንደሚለካ ይጻፍ ብለው ይጠይቁ፤ ትክክለኛው ከቁፋሮ በፊት ከነበረው የተፈጥሮ መሬት ነው። ስለዚህም አካፋ ሳይነካው ቦታው በቀያሽ ይነሳ፤ መነሻ ነጥቡም በማይነቃነቅ ነገር ላይ ምልክት ይደረግበት።

እይታ ሌላው ጭቅጭቅ ነው። ቀድሞ ከላይ የሠራው ሰው ከታች ያለው ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ይፈልጋል፤ ከታች ያለውም ካርታ አለኝ ይላል። ለሁለቱም ፍትሐዊ የሚሆነው ቤቱ ተዳፋቱን ተከትሎ በእርከን እንዲወርድ የሚያዝ አንቀጽ ይመስለናል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ቦታዎ ለግንቡ የቀረበ ከሆነ ከዲዛይን በፊት የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱን አስተያየት ያስጠይቁ።

ስለ ውሃ ግን መለሳለስ አይገባም። በዚያው በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ከደጋው ወርዶ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲመታው 3,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል፤ አሸንዳው ወደ ጎረቤት ቢለቀው የእነሱን መሠረት ይሸረሽራል። ረቂቁ ከቤቱ በላይ በኩል ውሃ የሚቀለብስ ቦይ፣ የጣሪያ ውሃ የሚገባበት ታንከር፣ የትርፉ መውረጃም እንዲኖር ያስገድድ። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ ታንከሩ ለቤቱም ይጠቅማል። ብቻ ከድጋፍ ግንብ ጀርባ አይቀመጥ፤ ቢያፈስ ግንቡን ይገፋዋል። ድፍን የብሎኬት አጥርም ግድብ ነውና ከሥሩ ማስተንፈሻ ይተውለት።

ድጋፍ ግንቡ

በራሱ ክብደት የሚቆም የድንጋይ ግንብ የሥሩ ስፋት ከቁመቱ ከግማሽ እስከ ሰባት አሥረኛ ይሁን፤ ለ2.5 ሜትር ቁመት ከ1.25 እስከ 1.75 ሜትር ማለት ነው። ከ1.5 ሜትር ካለፈ መሐንዲስ ያስላው። ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በየ1.5 ሜትሩም ወደ ውጭ ያዘነበለ የ75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይግባ። በብዛት የሚታየው ጥፋት ቱቦው ተቀምጦ ጠጠሩ መቅረቱ ነው፤ አፈር ይደፍነውና ግንቡ በክረምት ሆዱ ይነፋል። ለዚህ ደረጃ የሚከፈለውን ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ግንቡ ሳይሸፈን፣ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ፤ ጠጠሩ ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሲደፋ በቱቦው ሲወጣ በቪዲዮ ይመልከቱ። ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይያዝ።

ውሉን ሲጽፉ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3039 ያስታውሱ። ሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ጉዳቱ ከመሬቱ ጠባይ ቢመጣም ያው ነው፤ ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክቡ ስለሆነ፣ ወኪልዎ ቀን ያለበት የርክክብ ሰነድ አስፈርሞ አንድ ቅጂ ለእርስዎ ይላክ።