«የግንዛቤ እጥረት» ማለት ይብቃን፦ በሕክምና ኮሌጅ አመራር ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐረር ውስጥ በሕክምና ትምህርት ዙሪያ ስሠራ ዓመታት አለፉ። ከሶሺዮሎጂ፣ ከአንትሮፖሎጂ ወይም ከሳይኮሎጂ የመጡ ልጆች ማኔጅመንት ስብሰባ ሲገቡ አያለሁ። ጎበዞች ናቸው። አንዱን ስህተት ግን ሁሉም ይደግሙታል።

«የግንዛቤ እጥረት» የምትለዋ ነገር! ታካሚ በቀጠሮው አልመጣም? የግንዛቤ እጥረት። እናት ቤቷ ወለደች? የግንዛቤ እጥረት። ከዚያ ብሮሸር ይታተማል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል። የሚለወጥ ነገር የለም። ሐኪሙ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ የተማረው ሌላ ነው። እኛ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ግን የተቀጠርነው ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተነሳበትን ጊዜ አስቡት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ቧንቧው በየቀኑ ለማይመጣለት ሰው «ውሃ አታጠራቅም» ይባላል? በርሜሉን ያስቀመጠው ስላላወቀ አይደለም፤ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ነው። እንግዲህ መነጋገር ያለብን ስለ በርሜል ክዳንና ስለ ውሃ አገልግሎት ነው። ስብሰባ ላይ ይህን የሚያነሳ ከሌለ በጀቱ በራሪ ወረቀት ላይ ያልቃል።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከክትትል ለሚጠፉ እናቶች የማስተማሪያ ፕሮፖዛል ጽፌ አጸደቅሁ። ከወራት በኋላ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከገጠር በሌሊት የተነሳች እናት ተራዋ ሳይደርስ የመመለሻ መኪናዋ ሰዓት ይደርሳል። ቀጠሮዋን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። እሷን ነበር ላስተምር የተነሳሁት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሌላው፣ የጥናቱ ዕቅድ (ፕሮቶኮሉ) ተጽፎ ካለቀ በኋላ «የማኅበረሰቡን ክፍል ጨምርበት» ሲባል እሺ ማለት ነው። እሺ አትበሉ። በሐረርና በቀርሳ የሕፃናትን ሞት መንስኤ የሚያጠናው ቻምፕስ የተባለ የምርምር ፕሮግራም ሕይወታቸው ካለፈ ሕፃናት በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ቀብሩ እንዲዘገይ አይፈልግም። ሐዘን ላይ ያለችውን እናት ማን፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ ያናግራት? ይህ መጨረሻ ላይ የሚጨመር አንቀጽ አይደለም። እዚያ ሥራ ውስጥ የማኅበራዊና የባህርይ ሳይንስ ራሱን የቻለ ክፍል የሆነው ለዚህ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋን አስተርጓሚ አታድርጉ። በጫት ሰዓት ስብሰባ አትጥሩ። አፎቻዎችን፣ ማለትም የሠፈር መረዳጃ ማኅበራቱን፣ ሳታናግሩ «ማኅበረሰቡን አማክረናል» ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ።

ስብሰባ ላይ ቲዎሪ አታብዙ። የግድ ካስፈለገ ጆርጅ ኤንግልን ጥቀሱ። በሽታ ከሥነ ልቦናና ከኑሮ ጋር አብሮ ይታይ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈው እሱ ራሱ ሐኪም ነበር። ሐኪም ደግሞ ሐኪምን ይሰማል።