ሻምፓኝ እንዴት እንደሚሠራ፦ ከወይን ገረዛው እስከ ቡሹ አከፋፈት

ሻምፓኝ የመጠጥ ስም ከመሆኑ በፊት የአገር ስም ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሬምስና በኤፐርኔ ከተሞች ዙሪያ የሚገኝ፣ በደቡብ በኩል እስከ ኦብ አውራጃ የሚዘልቅና 34,000 ሄክታር ገደማ የወይን እርሻ ያለው የፈረንሳይ ክፍል ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ አገር ወይን የሚበስለው በጭንቅ ነው፤ ፍሬውም ስኳሩ ያነሰ፣ ኮምጣጣነቱ የበረታ ሆኖ ይለቀማል። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት የሥራ ደረጃዎች በአብዛኛው ይህን ብርድ ለመቋቋም ወይም ከብርዱ ለመጠቀም የተፈጠሩ ዘዴዎች ናቸው። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በመጀመሪያ፦ መሬቱንና ዝርያውን ማዛመድ

ወይን ተካዩ አስቀድሞ የሚወስነው የትኛውን ዝርያ በየትኛው መሬት ላይ እንደሚያሳድግ ነው። በሻምፓኝ በስፋት የሚተከሉት ዝርያዎች ሦስት ሲሆኑ፣ ፒኖ ኗርና ሙኒዬ ጥቁር ፍሬ፣ ሻርዶኔ ደግሞ ነጭ ፍሬ ይሰጣሉ። ፒኖ ኗር ከጠቅላላው እርሻ ከሲሶ በላይ የሚይዝ ሲሆን በሬምስ ተራራና በደቡቡ ኮት ዴ ባር ይበዛል፤ ወይኑን አፍ የሚሞላ፣ ጠንካራ የሚያደርገው እሱ ነው። ሙኒዬ ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ የጸደይ ውርጭ በቀላሉ አያገኘውም፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አየር በሚተኛበት በማርን ወንዝ ሸለቆ ይመረጣል። ሻርዶኔ ከኤፐርኔ በስተደቡብ ባለው ኮት ዴ ብላን በሚባል ቁልቁለት ላይ የሚነግሥ ሲሆን፣ ከእሱ የሚሠራው ወይን በወጣትነቱ ስል፣ በቆይታ ግን እጅግ የሚያምር ነው።

ከአፈሩ ሥር ያለው ነጭ የጠመኔ ድንጋይም የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ሜትር ኩብ ጠመኔ ከ300 እስከ 400 ሊትር ውኃ መያዝ ስለሚችል፣ በዝናብ ወራት የጠጣውን ውኃ በድርቅ ጊዜ ለተክሉ ሥር ቀስ በቀስ ይመልሳል። በሬምስ ከተማ ሥር ይኸው ድንጋይ ለግንባታ ሲፈለፈል የቀሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ከጊዜ በኋላ የወይን ማቆያ ሆነዋል፤ ዩኔስኮ የሻምፓኝን ኮረብቶች፣ የወይን ንግድ ቤቶችና ምድር ቤቶች በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ቀጥሎ፦ ገረዛ

ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ እስከ ማርች መጨረሻ ባሉት የብርድ ወራት የዓመቱ ትልቁ የእጅ ሥራ ይከናወናል። በአንድ ሄክታር ላይ በተለምዶ 8,000 ያህል የወይን ግንድ የሚገኝ ሲሆን፣ ገራዡ እያንዳንዱን ግንድ ለይቶ እያየ፣ ባለፈው ዓመት ያደጉትን ሐረጎች አብዛኞቹን በመቀስ ቆርጦ ጥቂት እንቡጦችን ብቻ ያስቀራል። እንቡጡን ካበዛ ዘለላው ይበዛና ፀሐይ በሚያንስበት በዚህ አገር ሁሉም በከፊል ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ደግሞ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የዓመቱን ምርት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ገረዛ ገና ያልመጣውን የአየር ጠባይ የመገመት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአካባቢው ደንብ የሚፈቅደው አራት የገረዛ ዓይነቶችን ነው፦ ኮርዶን ደ ሯያ፣ ሻብሊ፣ ጊዮና የማርን ሸለቆ ገረዛ። ለፒኖ ኗር የሚዘወተረው ኮርዶን ደ ሯያ አንድ ቋሚ ክንድ በሽቦ ላይ አግድም አስተኝቶ በላዩ አጫጭር ቅርንጫፎችን የሚተው ነው። ሻርዶኔ ግን ከሐረጉ ሥር ያሉት እንቡጦች ብዙ ፍሬ ስለማይሰጡ፣ ረዘም ያለ ሐረግ የሚያስቀረው የሻብሊ ገረዛ ይስማማዋል። የተቆረጠው ጭራሮ ቀድሞ ባለአንድ ጎማ ጋሪ ላይ በተገጠመ የብረት በርሜል እዚያው ማሳው ውስጥ ይነድ ነበር፤ ገራዦቹም እጃቸውን ያሞቁበታል። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጭቶ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

በዚሁ የሥራ ወቅት መካከል፣ ጃንዋሪ 22 ቀን፣ የወይን ተካዮች ጠባቂ የሚባለው የቅዱስ ቪንሰንት በዓል ይውላል። የየመንደሩ ማኅበርተኞች የማኅበራቸውን ልብስ ለብሰው፣ የቅዱሱን ምስል ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከቅዳሴው በኋላም አብረው ይመገባሉ። የሻምፓኝ ማስታወቂያዎች ስለ አረፋው ብዙ ይላሉ፤ እኔ ግን ክብሩ በቅድሚያ የሚገባው በውርጭ ውስጥ መቀስ ይዞ ለሚቆመው ሠራተኛ ይመስለኛል።

ከዚያ፦ ውርጩን ማለፍ፣ ቀኑን መቁጠር

በኤፕሪል እንቡጡ ሲፈነዳ እውነተኛው ስጋት ይጀምራል። ውርጭ በሚጠበቅባቸው ሌሊቶች አንዳንዶቹ በመደዳዎቹ መካከል ትልልቅ ሻማዎችን ያበራሉ፤ ሌሎች ውኃ ይረጫሉ። በውርጭ ላይ ውኃ መርጨት ግራ የሚያጋባ ቢመስልም፣ ውኃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ፣ ርጭቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በበረዶው ውስጥ ያለው እንቡጥ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ዝቅ አይልም። አበባው በጁን ይወጣል፤ በቆየው ልማድ መሠረት ከአበባው 100 ቀን ተቆጥሮ ለቀማው በሴፕቴምበር ይደርስ ነበር። የአየር ንብረቱ እየሞቀ በመምጣቱ ግን በ2003ና በ2020 እንደታየው ለቀማው በኦገስት የሚጀመርባቸው ዓመታት እየበዙ ነው።

ለቀማና ጭመቃ

በሻምፓኝ ወይን በማሽን መልቀም የተከለከለ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከሦስቱ ዝርያዎች ሁለቱ ጥቁር ፍሬ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከእነሱ ነጭ ወይን ማውጣት የሚቻለው ቀለሙ ያለበት ልጣጭ ሳይቀደድ፣ ዘለላው ሙሉ እንደሆነ መጭመቂያው ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ 100,000 ገደማ ለቃሚዎች ለጥቂት ሳምንታት ወደ አካባቢው ይጎርፋሉ። የአንዱ መጭመቂያ ባህላዊ ጭነት 4,000 ኪሎ ነው። ከእሱ መጀመሪያ የሚወርደው 2,050 ሊትር ኩቬ የሚባለው ምርጡ ጭማቂ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው 500 ሊትር ታይ ይባላል። ከዚህ አልፎ የሚጨመቀው ሻምፓኝ ሊባል አይችልም። በዚህ ስሌት ለአንድ 75 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ 1.2 ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል።

የፍሬው ዋጋ ከባድ ነገር ነው። አብዛኛው መሬት የገበሬዎቹ፣ አብዛኛው ሽያጭ ደግሞ የታላላቆቹ የንግድ ቤቶች በመሆኑ፣ ሁለቱ ወገኖች ተፈላላጊም ተፎካካሪም ናቸው። ነጋዴዎች ከሌላ አካባቢ ርካሽ ወይን እያስመጡ በሻምፓኝ ስም ይሸጣሉ በሚል በ1911 የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ በአይ ከተማ የንግድ ቤቶችን እስከማቃጠል ደርሶ ነበር፤ ስሙ ለማን እንደሚገባ የሚወስነው የአካባቢው ወሰን በሕግ የጸናውም በ1927 ነው።

የመጀመሪያው መብላላትና ቅልቅሉ

ጭማቂው በጋን ወይም በእንጨት በርሜል ውስጥ ተብላልቶ የአልኮል መጠኑ 11 በመቶ ገደማ የሆነ፣ አረፋ የሌለውና እጅግ ኮምጣጣ ወይን ይሆናል። በዚህ ጊዜ የቀመሰው ሰው ታላቅ መጠጥ ይወጣዋል ብሎ አይገምትም። የምድር ቤቱ አለቃ ግን ከየመንደሩ፣ ከየዝርያውና ካለፉት ዓመታት ተቆጥቦ ከተቀመጠው ወይን በደርዘን የሚቆጠሩ ናሙናዎችን እየቀመሰ፣ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ ጣዕም ይቀምማል። ብርድ ያበላሸው ዓመት በሞቃቱ ዓመት ወይን የሚካካሰው እዚህ ላይ ነው። ከ1668 ጀምሮ በኦቪሌ ገዳም የዕቃ ቤት ኃላፊ የነበረው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን አረፋን እንደፈጠረ ቢወራም፣ እውነተኛው ችሎታው የየማሳውን ፍሬ በማዋሐድ ላይ ነበር፤ አረፋው እንዲያውም በዘመኑ እንደ ጉድለት ይታይ ነበር።

ሁለተኛው መብላላት፣ በጠርሙሱ ውስጥ

አረፋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተቀላቀለው ወይን በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በወፍራም ጠርሙስ ይሞላና በቆርኪ ይታሸጋል፤ ይህም ከለቀማው ቀጥሎ ካለው ጃንዋሪ 1 በፊት አይፈቀድም። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ስለሌለው በወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ሳይጨርስ የታሸገ ጠጅ ክዳኑን ሲያስፈነጥር ያየ ሰው የዚህን ጋዝ ጉልበት ያውቀዋል፤ በሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ግፊቱ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። የሚጨመረውን ስኳር መለካት ባልታወቀበት ዘመን ጠርሙሶች በየምድር ቤቱ ይፈነዱ ስለነበር ሠራተኞች የብረት ጭንብል ያጠልቁ ነበር። ፍንዳታው የቀነሰው በ1830ዎቹ ዣን ባፕቲስት ፍራንሷ የተባለ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የስኳሩን መጠን ማስላት የሚያስችል ዘዴ ካወጣ በኋላ ነው።

ጠርሙሶቹ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በሚሆነው ምድር ቤት አግድም ተኝተው ይቆያሉ። ደንቡ የሚጠይቀው ትንሹ ጊዜ 15 ወር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 12ቱ ወራት ከእርሾው አተላ ጋር የሚያልፉ ናቸው፤ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ለያዘ ወይን ግን ጊዜው 3 ዓመት ነው። አተላው ቀስ በቀስ እየፈረሰ ለወይኑ ትኩስ ዳቦን የሚያስታውስ መዓዛ ይሰጠዋል።

አተላውን ማውጣት

አተላው ወይኑን ስለሚያደፈርስ ጋዙ ሳይባክን መውጣት አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባልቴቷ ወይዘሮ ክሊኮ የሻምፓኝ ንግድ ቤት በተጀመረው ዘዴ፣ ጠርሙሶቹ በተበሳ ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ ይሰካሉ፤ ሠራተኛውም ለሳምንታት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያዞረና እያቀና፣ አተላው ሁሉ ቆርኪው ላይ እንዲከማች ያደርጋል። የለመደ እጅ በቀን 40,000 ያህል ጠርሙስ ያዞራል። ዛሬ አብዛኛው ሥራ በሳምንት ገደማ በሚጨርሱ ተሽከርካሪ የብረት ሣጥኖች ይከናወናል፤ በጣዕም ረገድ ልዩነት የለውም፣ ስለዚህ በእጅ የዞረ ነው ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

ቀጥሎ የጠርሙሱ አንገት ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ቆርኪው ሲነሣ የረጋው አተላ በጋዙ ግፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። የጎደለው በወይንና በስኳር ድብልቅ ይሞላና በቡሽ ታሽጎ በሽቦ ይታሰራል። በጠርሙሱ ላይ የሚነበበው ስያሜም የሚወሰነው በዚህ ስኳር ነው፦ ብሩት ናቱር በሊትር ከ3 ግራም በታች፣ ብሩት ከ12 በታች፣ ሴክ ከ17 እስከ 32፣ ደሚ ሴክ ከ32 እስከ 50 ግራም ይይዛሉ። ሴክ ማለት ደረቅ ቢሆንም ይህ ወይን ጣፋጭነት ያለው ስለሆነ፣ ጣፋጭ የማይወድ ሰው ብሩት የሚለውን ይፈልግ።

በመጨረሻ፦ አከፋፈቱ

ጠርሙሱን በውኃና በበረዶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጠው ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ያቀዝቅዙት፤ ሞቅ ያለ ሻምፓኝ ሲከፈት ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። ሽቦውን በሚፈቱበት ጊዜ አውራ ጣትዎን ከቡሹ ላይ አያንሡ። ጠርሙሱን ከሰው ፊት አርቀው አዘንብለው ይያዙና ቡሹን አጥብቀው እንደያዙ የጠርሙሱን ታች በቀስታ ያዙሩ፤ በሌላው እጅ ቡሹን ራሱን ማዞር ሊሰብረው ይችላል። ቀጭንና ከፍ ያለ ብርጭቆ አረፋውን ቢያሳይም መዓዛውን ያፍናል፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለው ይሻላል። መጀመሪያ ጥቂት አፍስሰው አረፋው ሲበርድ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሙሉት። የተረፈው ጥብቅ ባለ መክደኛ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይቆያል።