ኦቲዝም ላለበት ልጅ የምግብና የቫይታሚን ሕክምና እንዴት ይጀመራል?

ድሬዳዋ ላይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት መካሪ አታጣም። አንዷ «ስንዴ ከልክዪው»፣ ሌላዋ «የግመል ወተት ስጪው» ትላታለች፤ ዘመድ ደግሞ ከውጭ ቫይታሚን ይልካል። ምግብና ቫይታሚን በእርግጥ መድኃኒት የሚሆኑላቸው ልጆች አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ሲወለዱ ጀምሮ ሰውነታቸው ከምግብ ያገኘውን በአግባቡ መጠቀም የማይችል፣ የሜታቦሊዝም ችግር ያለባቸው ናቸው። ልጃችሁ ከእነሱ አንዱ መሆኑ ሳይታወቅ ከገበታው ምንም አትቀንሱ።

በደብተር ጀምሩ። ለሁለት ሳምንት የበላውን፣ እንቅልፉንና ጠባዩን ጻፉ። «ማክሰኞ አተኮሰው፣ እራት አልበላም፣ ሌሊት አስመለሰው፣ ጠዋት ስሙን ስጠራው ዞር አላለም» የሚል መስመር ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። የሚጥል በሽታ፣ ከሕመም በኋላ የሚያውቀውን ቃል መርሳት፣ ሲራብ መፍዘዝ፣ እንግዳ የሽንት ሽታ ካለ አስምሩበት። ፒኬዩ የሚባለውን፣ ሰውነት በፕሮቲን ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች አንዱን ማብላላት የማይችልበትን በሽታ ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ በ1934 እ.ኤ.አ. የደረሰበት፣ አንዲት እናት የሁለት ልጆቿን ሽታ ችላ አልልም ብላ ስለወተወተች ነው። ወላጆች የሥጋ ዘመዳሞች ከሆናችሁ፣ ወይም በጨቅላነቱ ያረፈ ልጅ ካለ አትደብቁ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ነው።

ደብተሩን ይዛችሁ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የደም አሚኖ አሲድ፣ አሞኒያና ላክቴት፣ የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። እዚሁ የማይሠራ ካለ ናሙናው የት እንደሚላክ አጣሩ።

ችግሩ ስም ሲያገኝ ሕክምናውም ይለያል። ፒኬዩ ከሆነ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር ይቀራሉ፤ የግመል ወተትም ፕሮቲን ስላለው ያው ነው። የጤፉም የማሽላውም እንጀራ በሚዛን ይለካል፤ የጎደለው በልዩ የአሚኖ አሲድ ዱቄት ይሞላል። ገና ጨቅላ ሳለ ከተጀመረ አእምሮውን ይጠብቃል። ዘግይቶ ሲሆን ያለፈውን ሁሉ ባይመልስም መረበሹን ሊያቀልለት ይችላል። የባዮቲኒዴዝ እጥረት (ሰውነት ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን መልሶ መጠቀም የማይችልበት ችግር) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ባዮቲን ዕድሜ ልክ ይሰጣል። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ወደ አንጎል የማይደርስለት ልጅ የሚታዘዝለት ፎሊኒክ አሲድ ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ አይተካውም።

ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ቫይታሚን ግን ሊጎዳ ይችላል። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የእጅና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። የታዘዘውንም አንድ በአንድ ጀምሩ፤ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

በእኛ ቤት ከሁሉ የሚከብደው አያትን ማሳመን ነው። «ልጁን በረሃብ ልትገድሉት ነው?» ብለው እንቁላል ቀቅለው በነጠላቸው ሸፍነው ይመጣሉ፤ ፍቅራቸው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሳቸውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው።