ፎር ዊል በበረዶ መንገድ፦ መጀመሪያ ፍሬኑን ጠይቁት

ክረምት ስል ዝናቡንና ጭቃውን ማለቴ አይደለም። ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ አስፋልቱ ነጭ የሚለብስበትን ወቅት ነው። ባለ ፎር ዊል፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርበት፣ መኪና በያዝኩበት የመጀመሪያ ክረምት ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ። ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ቅንጣት ሳትንሸራተት ወጣችልኝ፤ መንገዱ ደህና ነው ብዬ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መውረድ ጀመርኩ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ መስቀለኛ መንገድ አለ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ እግሬ ሥር ድርድርድር አለ፣ መኪናዋ ግን ወደ ፊት። መሪውን አዞርኩ፤ ጎማዎቹ ዞሩ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ሊያወጣኝ የመጣው የጎታች መኪና ሾፌር ገመዱን እያሰረ፣ «ዛሬ ሦስተኛዬ ነህ። ሦስታችሁም ፎር ዊል» አለኝ። አልሳቀም እንኳ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና ገና ስትነሱ ጎማው ይሽከረከራል፣ ቂጡ ይወዛወዛል፤ መንገዱ እንደሚያንሸራትት ከደጃፋችሁ ሳትርቁ ይነግራችኋል። ፎር ዊል የሞተሩን ጉልበት ለአራት ስለሚያካፍለው በቀላሉ አይሽከረከርም፤ ስለዚህም ወሬውን ይደብቃችኋል። ፍሬን ደግሞ በየትኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው፤ ለመቆም ሲሆን ፎር ዊሉ የሚጨምርላችሁ የለም።

ስለዚህ መንገዱን በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን ጠይቁት። እኔ ዋናው መንገድ ላይ ከመውጣቴ በፊት ቀጥ ያለና ሜዳ ቦታ እመርጣለሁ፤ በመስታወት ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን አያለሁ፤ በ20 እየሄድኩ ፍሬኑን ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ። ገና በስሱ ስነካው ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ የሚይዝና የሚለቀው) ማንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ከሥሬ ያለው እንደ መስታወት የሚያንሸራትት በረዶ ነው ማለት ነው። ከፍታ ስቀይር ወይም ፀሐይ የማያገኘው ጥላ ውስጥ ስገባ ቦታው ከፈቀደ እደግመዋለሁ። ድልድይ ላይ ግን አይሞከርም። ብርድ ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ የሚሠራው እሱ ነው፤ ሳትደርሱበት ፍጥነት ቀንሱ፣ ላዩ ላይ መሪም ነዳጅም አታጣድፉ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፤ ሁሉንም በረዶ ብለን እናልፈዋለን። ለሾፌር ግን አዲስ የወረደው ብናኝ፣ በመኪና ተረጋግጦ የጠነከረው፣ እና ቀልጦ እንደገና የረጋው የተለያዩ ናቸው። በ50 የምትሄድ መኪና ፍሬን ከያዘች በኋላ በደረቅ አስፋልት 15 ሜትር ገደማ ይበቃታል። በተጠቀጠቀ በረዶ ወደ 50 ሜትር፣ በረጋው ላይ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ትሄዳለች። በ30 ብትወርዱ ኖሮ ያ 100 ሜትር 35 አካባቢ ይሆን ነበር። ከሁሉ የከፋው ብርዱ ዜሮ ዙሪያ ሆኖ ላዩ ማርጠብ የጀመረው ነው። አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል፣ የፊተኛው መኪና ጎማ ግን ውሃ አይረጭም። ይህን ስታዩ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ በቀስታ አንሱ።

አሁን ስንት ጎማ እንደሚነዳ ወደምንመርጥበት ማንሻ። መኪናችሁ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድና መሐል ላይ ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ማርሽ) ያለው ከሆነ ብዙ የምትመርጡት የለም። 2ኤች (በሁለት ጎማ)፣ 4ኤች (በአራት ጎማ) እና 4ኤል (በአራት ጎማ፣ በዝግታና በብዙ ጉልበት) የሚል ከሆነ ግን፣ 4ኤች ስታስገቡ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ በረዶ ላይ ልዩነቱ በመንሸራተት ይወጣል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ የለውም። መሪው ይከብዳችኋል፣ መኪናዋ ስትታጠፍ እንደሚያነክስ ሰው ትዘላለች፤ የማርሹ ጥርስም ይጎዳል። ስለዚህ ደረቁ መንገድ ረዘም ሲል ወደ 2ኤች ተመለሱ። 4ኤች የሚገባው ደግሞ ከማንሸራተቻው በፊት፣ ቀጥ ባለ ቦታ፣ ጎማው ሳይሽከረከር ነው፤ እስከ ስንት ፍጥነት እንደሚፈቀድ የመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። 4ኤል ለዘወትር መንገድ አይደለም። ጉልበቱን ስለሚያበዛው በትንሽ ነዳጅ ጎማውን ያሽከረክረዋል። መኪናዋ ቆማ ወይም እየዳኸች፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ይገባል፤ ለተቀበረ መኪናና ለገደላማ ዳገት ቁልቁለት ነው። የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስር) ካላችሁ ኩርባ ላይ አትንኩት፤ ቂጧ ወደ ጎን ይሄድባችኋል።

ፎር ዊል ፍጥነት ለመቀነስ በእውነት የሚረዳበት አንድ ቦታ አለ፤ ቁልቁለት። ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ስትይዙ፣ 2ኤች ላይ የሞተሩ መያዝ ብዙ ጊዜ የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ቂጧን ሊያንሸራትታት ይችላል። በ4ኤች ግን ለአራቱ ይከፈላል። ማርሹን አናት ላይ ቀንሱ፣ መሐል ወርዳችሁ አይሁን። ፍሪሲዮኑንም በድንገት አትልቀቁት።

ከተንሸራተተስ? ፊቷ አልታጠፍ ካለ፣ እጃችን መሪውን የበለጠ ማዞር ይፈልጋል፤ ስህተቱ እዚያ ነው። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ትንሽ መልሱት፣ ጎማው ሲይዝ ይሰማችኋል። ቂጧ ከሄደ ዓይናችሁን ወደምትፈልጉት ቦታ አድርጉ፣ እጃችሁ ይከተላል። ለመቆም ሲሆን ኤቢኤስ ባለበት ፍሬኑን ረግጦ መያዝ ነው፤ መንቀጥቀጡ አያስደንግጣችሁ፣ እኔ ያን ቀን ደንግጬ ለቅቄው ነበር። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮልም አታብሩ።

ከማንሻው በላይ የሚያወጣው ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምቱ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና ውስጡ የበረዶ ኮከብ ያለውን ፈልጉ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለበረዶ አልቋል በሉት። በክረምት ጎማ የተጫማች ተራ መኪና በተላጨ ጎማ ከሚሄድ ፎር ዊል ቀድማ ስትቆም ዓይኔ አይቷል። ብርዱ በየ6 ዲግሪው ሲወርድ የጎማው ነፋስም 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ስለሚቀንስ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ጠዋት ለኩት።

ከተቀበራችሁ ነዳጅ መስጠቱን አቁሙ፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ሥሩን ያቀልጥና ያለሰልሰዋል። አካፋ ያዙ፤ ከአራቱም ጎማ ፊትና ከሆዷ ሥር ጥረጉ፣ አሸዋ ወይም የእግር ምንጣፍ ጣል አድርጉ፣ 4ኤል አስገብታችሁ በሁለተኛ ማርሽ በስሱ ውጡ። ዕርዳታ እስኪመጣ ሞተር አስነስታችሁ ልትሞቁ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ወርዳችሁ የማርሚታውን ጫፍ ከበረዶ አጽዱ፤ ከተደፈነ የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ ይገባል። በረዶው መውረዱን ከቀጠለም እንደገና እየወረዳችሁ እዩት።