ሞራል እስኪመጣ አትጠብቁ (ለሜዲስን ተማሪዎች)

ደሴ ሜዲስን የምትማሩ ልጆች አብሽሩ፣ በተለይ ፒሲ ዋን (ፕሪ ክሊኒካል አንድ፣ ሆስፒታል ከመግባት በፊት ያለው ትምህርት መጀመሪያ) ያላችሁ፣ አናቶሚው ፊዚዮሎጂው ባዮኬሚስትሪው አንድ ላይ ሲወርድባችሁ መጀመሪያ ሞራል ይምጣልኝ ካላችሁ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ሞራል የሚመጣው ያነበባችሁት ነገር ጭንቅላት ውስጥ ሲቀር ነው። ስላይድ አስር ጊዜ ማንበብ ተዉት፣ ዝጉትና ራሳችሁን ጠይቁ፣ ከዛ ነገ፣ ከዛ ከሶስት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እኮ ሰው የሸመደደውን ቶሎ እንደሚረሳ እንደ ፈረንጆቹ በ1885 ጽፎታል፣ እኛ አሁንም ለፈተና ዋዜማ እናስቀምጠዋለን 😅

ሌላው፣ የምታነቡትን ከበሽተኛ ጋር አያይዙት። ብራኪያል ፕሌክሰስን (ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን የነርቮች መረብ) በደረቁ ከመሸምደድ ክንዱ የተሰበረ ሰው ከነዚህ ነርቮች አንዱ የሆነው ራዲያል ነርቩ ሲጎዳ የእጅ አንጓው ለምን ወደ ታች እንደሚንጠለጠል አስቡት፣ ያኔ አይረሳም፣ ለምን እንደምትማሩም ትዝ ይላችኋል።

እሁድ ከሰአት ደግሞ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል በእግር ውጡ ወይ ቡና አፍሉ፣ ቡናው ላይ የፈተና ወሬ ያመጣ ሰው ስኳር ይግዛ። በነገራችን ላይ አንኪ (ጥያቄና መልስ በካርድ እያደረገ መቼ መድገም እንዳለባችሁ የሚያስታውስ አፕ) አንድሮይድና ኮምፒውተር ላይ በነፃ ነው፣ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክም ይሰራል፣ አይፎን ላይ ግን ያስከፍላል።