ዝገቱ ከላሜራው ሥር ነው

የሙቀት መከላከያ የተጠቀለለበት የብረት ቱቦ ካላችሁ፣ ከላይ የሸፈነው ላሜራ (ስስ ቆርቆሮ) ስላብረቀረቀ ብቻ አትመኑት። ውሃ በትንሽ ክፍተት ይገባል። ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ፋይበር እንደ ስፖንጅ ይመጠውና ይዞት ይቀራል። ብረቱ ለወራት እርጥብ ጨርቅ እንደለበሰ ይቆያል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ብዙ ሰው "ቱቦው ትኩስ ነው፣ ውሃው ይተናል" ይላል። በዚህ አትዘናጉ። ተራ ብረት ላይ አደጋው እስከ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አለ። በተለይ እየሞቀ እየቀዘቀዘ የሚሠራ መስመር ክፉ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጥባል፣ ሲሞቅ ዝገቱ ይፋጠናል። ስቴይንለስ ስቲልም አያመልጥም። ከ60 ዲግሪ ገደማ በላይ ሞቆ እርጥበትና ክሎራይድ (እንደ ገበታ ጨው ባሉ ጨዎች ውስጥ ያለው) ካገኘው፣ ውፍረቱ ሳይቀንስ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍለጋውን ዝቅ ካለው ቦታ ጀምሩ፤ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ከዚያ ቫልቭ፣ የቱቦው ድጋፍ፣ ጌጅ (የግፊት ወይም የሙቀት መለኪያ) የገባበት፣ ሰው ረግጦ ያጎደጎደው ላሜራ። ቡናማ ጠብታ ወይም እብጠት ካያችሁ በቶሎ እንዲከፈት አድርጉ። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ይገፋዋል።

አደራ፣ ግፊት ያለበትን መስመር በመዶሻም በመፋቂያም አትንኩ! ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ዝገቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግፊቱ ይውረድ። ከዚያ አጽዱና የብረቱን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለኪያ ለኩ። ስትዘጉትም የረጠበውን ፋይበር መልሳችሁ አትጠቅልሉበት፤ በደረቅ ይቀየር።