ድምፅ ሲሰልል፦ ማሩ የማይደርስበት ቦታ

ፒያሳ ታክሲ ተራ ቆም ብላችሁ ረዳቶቹን ስሟቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚለው ልጅ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ግማሹ አየር ነው። እኔም እዚያው ሰፈር አስተምራለሁ፤ ሐሙስ ሲደርስ ከልጁ አልሻልም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ሁለት ጣት ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና «ዝዝዝ» በሉ። የሚንቀጠቀጠው የድምፅ አውታራችሁ ነው። «ስስስ» ስትሉ ፀጥ ይላል። አሁን «ቃ» በሉ፤ ማንቁርቱ ወደ ላይ ዘለል ይላል። ቀ፣ ጠ እና ጨ የሚፈነዱት አውታሮቹ ግጥም ብለው ተዘግተው ማንቁርቱ ከፍ ሲል ነው። አውታሮቹ በአዋቂ ወንድ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በሴት ያጥራሉ። ወንድ ሲያወራ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ ሴት ስታወራ 200 ጊዜ ገደማ ይጋጫሉ። የረዳቱን ውሎ እናንተ አስሉት።

ጠዋት ደህና፣ ማታ ሻካራ

ግጭቱ አውታሮቹን ያሳብጣል። ያበጠ አውታር ስለሚከብድ በዝግታ ይርገበገባል፤ ድምፁ የሚወፍረው ለዚህ ነው። ጩኸቱ ለወራት ከቀጠለ፣ ዶማ የያዘ እጅ እንደሚደድረው፣ አውታሮቹም ትንንሽ እብጠት ያወጣሉ። ያኔ እኩል አይገጥሙም፤ በክፍተቱ አየር ያመልጣል።

መፍትሄው ውሃና እረፍት ነው። ሹክሹክታ ግን እረፍት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ያጨናንቃል። ዝግ አድርጎ በራስ ድምፅ ማውራት ይሻላል። እኔ ለተማሪ ጀርባ ሰጥቼ እየጻፍኩ ማውራት ትቻለሁ። ሰሌዳ ጆሮ የለውም፣ ሳላውቀው እጮህ ነበር።

ማርና ዝንጅብሉስ? ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ እኔም እጠጣለሁ። አውታሮቹ ጋ ግን አይደርስም። ስንውጥ ማንቁርቱ ስለሚከደን ምግብና መጠጥ በኋላው በኩል ያልፋል። ማሩ እዚያ ቢገባማ ትን ይላችሁ ነበር! እንፋሎት ግን ከአየር ጋር ስለሚገባ ይደርሳል።

ጠዋት ሻካራ፣ ከሰዓት ደህና

ቃርን ጠርጥሩ። ስንተኛ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ወጥቶ ማንቁርቱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ደረት ሳያቃጥል እንኳ። እራት ከበሉ በኋላ ለ3 ሰዓት ያህል አለመተኛት፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ። ቃር ያለበት ሰው «እህ እህ» ማለት ያበዛል፤ ይሄም አውታሮቹን በጥፊ እንደ መምታት ነው። ሲያሰኛችሁ አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡ።

በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ

አፍንጫችሁን ይዛችሁ «እማማ» በሉ፤ «እባባ» ይሆናል። ጉንፋንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማንቁርቱ የለበትም፤ ጉንፋኑ ይልቀቃችሁ።

ሐኪም የሚያስፈልገው

ከ3 ሳምንት ያለፈ መሻከር፣ ደም፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ፣ በተለይ ለሚያጨስ ሰው፣ ቀጥታ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ነው። ትንፋሽ ካጠረ ዛሬውኑ። ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ ድምፅ ከሰለለም እንዲሁ፤ አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ኋላ ነው የሚያልፈው። እኔን በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብተው «ኢ በል» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጫጭ ጭረቶች ተከፍተው ተዘጉ። መሃል ላይ ትንሽ ቀልተዋል።